የግራ እጅ ሙያ፦ ሮብ ሁከ እና የሆላንድ ቡጊ-ዉጊ

እንደምን አመሻችሁ፣ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ዛሬ የማወራላችሁ ስለ አንድ የሆላንድ ፒያኒስት ነው፣ ሮብ ሁከ ይባላል። አብዛኞቻችሁ ስሙን ሰምታችሁት አታቁም ብዬ እገምታለሁ፣ ከሆላንድና ከአካባቢው ውጪ ብዙም የሚታወቅ ሰው አይደለም፣ እዛ ግን ቡጊ-ዉጊ ሲባል ገና ከመጀመሪያው ከሚነሱት ስሞች አንዱ የሱ ነው። በ1939 (ዓመቶቹን የምጠራው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) ሀርለም የምትባል የሆላንድ ከተማ ተወለደ፣ በ1999 ክሮሜኒ የምትባል ቦታ አረፈ፣ 60 ዓመት ኖረ፣ ከዛ ውስጥ ወደ 40 ዓመት የሚሆነውን የአሜሪካ ጥቁሮች የፈጠሩትን አንድ የፒያኖ አጨዋወት ይዞ ነው ያሳለፈው። ሂት ነበረው፣ እመጣበታለሁ። እኔን ግን ወደ ሰውየው የሳበኝ ሂቱ ሳይሆን ግራ እጁ ነው። ሰው ፒያኒስት ሲያይ የሚያየው ቀኝ እጅን ነው፣ ዜማው እዛ ነው፣ ብልጭታው እዛ ነው፣ የቡጊ ፒያኒስት ሙያ ግን ያለው በግራ በኩል ነው፣ እሱን ካልተረዳን የዚህን ሰው ህይወት በተለይ በ1974 የደረሰበትን ነገር ክብደቱን አናውቀውም። ስለዚ መጀመሪያ ስለ ግራ እጅ ላውራ።

ቡጊ-ዉጊ በመሰረቱ ብሉዝ ነው። 12 ሜዠር ያለው አንድ ዙር አለ (ሜዠር ማለት እዚህ አራት ቢት የሚይዝ የሙዚቃ ክፍል ነው)፣ ሦስት ኮርድ ማለትም ሦስት ባንድ ላይ የሚመቱ የድምፅ ስብስቦች ብቻ ነው የሚጠቀመው፣ ዙሩ ሲያልቅ እንደገና ከመጀመሪያው ይነሳል። ልዩ የሚያደርገው ግራ እጅ በየሜዠሩ ስምንት ጊዜ መምታቱ ነው፣ ያለ እረፍት፣ ያለ ማመንታት። እስኪ እናስላው፣ 12 ሜዠር በስምንት 96 ምት ነው። ዘፈኑ በደቂቃ 160 ቢት ፍጥነት ቢሄድ (ለቡጊ ይሄ መካከለኛ ነው፣ ከዚ በላይ የሚበሩ አሉ) አንድ ዙር በ18 ሰከንድ ያልቃል፣ በሦስት ደቂቃ ዘፈን ውስጥ አስር ዙር አለ፣ ማለትም ግራ እጅ 960 ጊዜ ይመታል። ብዙ ጊዜ ደግሞ በየምቱ የሚነካው አንድ ቁልፍ ብቻ አይደለም፣ ሁለት ነው፣ ወይ ኦክታቭ ማለትም ያንኑ ድምፅ ታችና ላይ ከፍቶ ነው የሚሄደው። ክንዱ ላይ ትንሽ ጭንቀት ካለ ሁለተኛው ደቂቃ ላይ እጁ ይደርቃል፣ ሞክሮት የሚያውቅ ሰው እዚ ካለ ምን እንደምል ገብቶታል። ግራ እጅ እንደ ወፍጮ ነው፣ አንዴ ከተነሳ እህሉ እስኪያልቅ አይቆምም፣ ቀኝ እጅ ደግሞ ከላዩ ላይ እንደፈለገው ያወራል፣ ይጠይቃል፣ ይመልሳል፣ አንዳንዴ ከግራው ሪትም ጋር ሆን ብሎ ይጣላል። ሁለቱ እጆች የሁለት ሰው እጅ እስኪመስሉ ድረስ መለያየት አለባቸው። ይሄ ዓመታት የሚፈጅ ነገር ነው።

እና ቀኝ እጁ የሚያወራበት ቋንቋ ለኛ ጆሮ ባዳ አይደለም። የብሉዝ መሰረት የሆኑት አምስት ድምፆች እኛ ባቲ ማይነር የምንለው ቅኝት ድምፆች ናቸው፣ የሚለየው አካሄዱና ማረፊያው ነው። ብሉዝ ዘፋኝ ሦስተኛዋን ድምፅ በማይነር (ዝቅ ባለው) እና በሜጀር (ከፍ ባለው) መሀል ይንሸራተትባታል፣ ማሲንቆ ቢሆን ጣትህን ትንሽ ገፋ አድርገህ ታገኛታለህ፣ ፒያኖ ላይ ግን በሁለት ቁልፍ መሀል ምንም የለም። ስለዚ የብሉዝ ፒያኒስቶች ያገኙት መላ ጥቁሯን ቁልፍ ነክቶ በዛው ጣት ወደ ነጯ መንሸራተት ነው፣ ወይም ሁለቱን ባንድ ላይ መምታት፣ ጆሮ መሀል ላይ ያለችውን ድምፅ የሰማ ይመስለዋል። የቡጊ ሪከርድ ስትሰሙ እንደ ማቃሰት የምትሰማዋ ነገር እሷ ናት።

ሙዚቃው የተወለደው ሀርለም አይደለም፣ ይሄን ሳይናገሩ ማለፍ ነውር ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አካባቢ በምስራቅ ቴክሳስና በሉዊዚያና ደን ውስጥ እንጨት የሚቆርጡና ሀዲድ የሚዘረጉ ጥቁር ሰራተኞች በነበሩባቸው ካምፖች፣ ማታ ማታ በሚጠጣባቸውና በሚደነስባቸው ቤቶች ነው ያደገው፣ ፒያኖው የተበላሸ፣ ቤቱ በጩኸት የተሞላ፣ ባንድ የለ፣ ድራም የለ፣ አንድ ሰው ብቻውን ሙሉ ቤት ማስደነስ አለበት፣ ግራ እጅ እንደዛ የጠነከረውም ለዚ ነው፣ ድራሙም ቤዙም እሱ ስለሆነ። ከዛ ስራ ፍለጋ ወደ ሰሜን ከተሰደደው ህዝብ ጋር ቺካጎ ገባ። ፓይንቶፕ ስሚዝ የሚባለው የአላባማ ልጅ በ1928 ዲሴምበር ላይ ለሙዚቃው ቡጊ-ዉጊ የሚለውን ስም የሰጠውን ሪከርድ ቺካጎ ውስጥ ቀዳ፣ ከሦስት ወር በኋላ በ1929 ማርች ዳንስ ቤት ውስጥ በጥይት ተመቶ ሞተ፣ ገና 24 ዓመቱ ነበር። ሚድ ላክስ ሉዊስ በ1927 ባቡርን በፒያኖ የሚያስሄድ ድንቅ ነገር ቀድቶ ነበር፣ ከዛ ግን ተረሳ፣ ጆን ሀመንድ የሚባለው ፕሮዲውሰር በ1935 ፈልጎ ሲያገኘው ቺካጎ ውስጥ መኪና ሲያጥብ ነው ያገኘው። ሉዊስና ጓደኛው አልበርት አመንስ ታክሲ ነድተውም ኖረዋል። እነዚህ ሰዎች ሊቆች ነበሩ፣ ኑሯቸው ግን ይሄ ነበር።

ዲሴምበር 23 ቀን 1938 ሀመንድ ሉዊስን፣ አመንስን እና ከካንሳስ ሲቲ የመጣውን ፒት ጆንሰንን ኒውዮርክ ካርኔጊ ሆል መድረክ ላይ አቀረባቸው፣ ከዚያች ምሽት በኋላ አሜሪካ በቡጊ-ዉጊ አበደች። አልፍሬድ ላየን የሚባል ከበርሊን የተሰደደ አይሁዳዊ ወጣት ያንን ኮንሰርት ሰማና ልቡ ተነካ፣ ጃንዋሪ 6 ቀን 1939 አመንስንና ሉዊስን ስቱዲዮ አስገብቶ ቀዳቸው፣ ያ ቀረጻ ዛሬ በጃዝ ዓለም ትልቅ ስም ያለው ብሉ ኖት የሚባለው ኩባንያ የመጀመሪያ ስራ ሆነ። ሮብ ሁከ የተወለደው ከዚያ በሦስተኛው ቀን ነው፣ ጃንዋሪ 9 ቀን 1939፣ በኛ አቆጣጠር ጥር 1 ቀን 1931 ዓ.ም.። ምንም ትርጉም አልሰጠውም፣ ግን ያ ሙዚቃና ያ ልጅ የእድሜ እኩዮች መሆናቸውን ሳስብ ደስ ይለኛል።

እኩያው ቢሆንም ሙዚቃው በቀላሉ እሱ ጋር አልደረሰም። ልጁ አንድ ዓመት ከጥቂት ወር ሲሆነው በ1940 ሜይ ናዚ ጀርመን ሆላንድን ወረረች። ወራሪው ኪነጥበብን በሙሉ በቁጥጥር ስር አዋለ፣ አርቲስት ሁሉ እንዲመዘገብ ግዴታ ተጣለበት፣ አይሁዳውያን ሙዚቀኞች ከመድረክ ተባረሩ፣ ብዙዎቹም ተገደሉ፣ በ1942 ደግሞ በዳንስና በመዝናኛ ሙዚቃ ውስጥ የጥቁሮች ሙዚቃ ባህሪ ያለው ነገር እንዳይኖር የሚከለክል ደንብ ወጣ። አስቡት፣ አንድ መንግስት ቁጭ ብሎ የምት አካሄድ በደንብ ይከለክላል። ሪትም ያስፈራው ነበር ማለት ነው። ከዛ የ1944 እና 45 የረሃብ ክረምት መጣ፣ ምዕራብ ሆላንድ ሀርለምንም አምስተርዳምንም ጨምሮ ምግብና ማገዶ ተቋርጦበት ከ20 ሺህ በላይ ሰው አለቀ። ነፃነት በ1945 ሜይ ሲመጣ ከካናዳ፣ ከእንግሊዝና ከአሜሪካ ወታደሮች ጋር ቸኮሌትና ሲጋራ ብቻ አይደለም የገባው፣ ሪከርዶቹና በሬድዮ የሚሰማው ሙዚቃም ገባ፣ ስዊንግና ቡጊ-ዉጊ የነፃነት ድምፅ ሆኑ። ያኔ ስድስት ሰባት ዓመት የነበረው ትውልድ ለዚህ ሙዚቃ የያዘው ፍቅር ከፋሽን በላይ የሆነው ከዚ የተነሳ ይመስለኛል፣ የተከለከለ ነገር ሲፈቀድ የሰሙ ልጆች ናቸው።

ሀርለም ደግሞ የኪቦርድ ከተማ ነች ማለት ይቻላል፣ ትልቁ የቅዱስ ባቮ ቤተክርስቲያን ውስጥ በ1738 የተጠናቀቀ ግዙፍ ኦርጋን አለ፣ ሞዛርት የአስር ዓመት ልጅ ሆኖ በ1766 ተጫውቶበታል። በዛን ዘመን በብዙ የሆላንድ ሳሎን ፒያኖ ወይ ትንሽ ሃርሞኒየም ነበረ፣ ልጆች መዝሙርና ክላሲክ ይማሩበት ነበር። ሁከ ያደገው እንደዚህ ባለ ከተማ ነው፣ የመረጠው ግን የቺካጎውን መንገድ ነው፣ በ1950ዎቹ መጨረሻ ገና ሃያ ዓመት ገደማ እያለ የራሱን የቡጊ-ዉጊ ኳርቴት ማለትም አራት ሰው ያለው ባንድ ይዞ መጫወት ጀመረ።

ጊዜውን ልብ በሉት። በ1950ዎቹ መጨረሻ የአሜሪካው የቡጊ እብደት ካለፈ ቆይቷል፣ አመንስ በ1949 ሞቷል፣ ወጣቱ ሮክ ኤንድ ሮል ውስጥ ነው፣ በእርግጥ የሮክ ኤንድ ሮል ፒያኖ የቡጊ ልጅ ነው ግን ይሄን ማንም ልብ አይልም። ስለዚ ይሄ ልጅ ያለፈበት የሚባል ሙዚቃ ነው የያዘው። በሆላንድ ብቻውንም አልነበረም፣ ሮብ አኸርቤክ የሚባል በ1937 ባታቪያ ማለትም የዛሬዋ ጃካርታ የተወለደ ፒያኒስት ነበረ፣ ከኢንዶኔዥያ ነፃነት በኋላ ወደ ሆላንድ ከመጡት የተቀላቀለ ዘር ካላቸው ቤተሰቦች አንዱ፣ እሱም በቡጊ ነው የጀመረው። አኸርቤክ ግን ወደ ዘመናዊው ጃዝ ተሻገረ፣ ከታዋቂው አሜሪካዊ የጃዝ ድራመር ከአርት ብሌኪ ጋር እስከመጫወት ደረሰ። ሁለቱን ማወዳደር ደስ ይለኛል፣ አንዱ በሩን አልፎ ወደ ውስጥ ሄደ፣ ሌላው ሁከ በሩ ላይ ቆሞ ቤት ሰራ። ሁለቱም ትክክል ናቸው።

አሁን ወደ ሂቶቹ ልምጣ። በ1960ዎቹ መሀል ላይ ሆላንድ ውስጥ ትልቅ የባንድ ማዕበል ተነሳ። ከ1960 ጀምሮ ሬድዮ ቬሮኒካ የሚባል ጣቢያ ከባህር ላይ ከመርከብ ያለ መንግስት ፈቃድ ያሰራጭ ነበር፣ የሆላንድ ቶፕ 40 የሚባለውን የሂት ዝርዝር ያስጀመረውም እሱ ነው፣ በ1965 መጀመሪያ። የወጣቱ ጆሮ በመርከቡ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ከአምስተርዳም አውትሳይደርስ፣ ከሄግ ኪው 65 እና ጎልደን ኢሪንግ፣ ከድሬንተ ገጠር ኪዩቢ ኤንድ ብሊዛርድስ፣ እያንዳንዱ ከተማ ባንድ ነበረው። ሁከም ኳርቴቱን ወደ ሪትም ኤንድ ብሉዝ ግሩፕ ቀየረ፣ በ1966 ማርጂዮ የሚለው ሲንግል ሂት ሆነለት፣ በ1970 ደግሞ ዳውን ሳውዝ የሚለው። ቲቪ ላይ ታየ፣ ልጃገረዶች ፎቶውን ያዙ፣ ምናምን፣ የዛ ዘመን ነገር።

ግን እዚ ላይ የኔን ሀሳብ ልናገር። በዚህ ማዕበል ውስጥ ሁከ እንግዳ ሰው ነበር። ሌሎቹ አብዛኞቹ ገና ሃያ ያልሞላቸው ወይ ሃያን ገና ያለፉ ልጆች ናቸው፣ ቢትልስንና ሮሊንግ ስቶንስን ሰምተው ጊታር ያነሱ፣ እሱ በ1966 27 ዓመቱ ነው፣ እጁ ላይ የብዙ ዓመት ቡጊ አለ። ሲንግሎቹን ስሰማ እጁ ታስሮ ይመስለኛል፣ ፒያኖው ከጊታሩ ኋላ ተቀምጧል፣ ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ ያልቃል፣ ግራ እጁ የሚሰራው ስራ ለቤዝ ጊታሩ ተሰጥቷል። አንድ የቡጊ ፒያኒስት ባንድ ውስጥ ሲገባ መጀመሪያ የሚነጠቀው ግራ እጁ ነው፣ ሁለት ቤዝ ባንድ ላይ ከመታ ድምፁ ይጨቀያል፣ ስለዚ ፒያኒስቱ ይለዝባል። ዘፈኖቹ ጥሩ ናቸው፣ አልጠላቸውም፣ ለኑሮውም ለስሙም ጠቅመውታል፣ ግን ሮብ ሁከ ማነው ብላችሁ እነሱን ብቻ ብትሰሙ ሰውየውን አታገኙትም።

የምታገኙት በ1971 በወጣው አልበም ላይ ነው። ከሄይን ፋን ደር ኻኽ ጋር የሰራው ነው፣ እሱም ፒያኒስት ነው፣ ሁለት ሰው አራት እጅ። የሂት ዘመኑ ገና ሳይበርድ፣ ዳውን ሳውዝ ባወጣ በማግስቱ ዓመት፣ ሰውየው ወደ ንጹህ ቡጊ ተመለሰ። ይሄ አዲስ ነገር አይደለም፣ አመንስና ፒት ጆንሰን በ1941 በሁለት ፒያኖ ተጣምረው የቀዷቸው ዱዌቶች አሉ፣ የዚህ ዓይነት አጨዋወት ቁንጮ እነሱ ናቸው፣ ሁከና ፋን ደር ኻኽ ያንን መንገድ ነው የያዙት። ለሁለት መጫወት ከብቻ የሚከብድበት ነገር አለ። ብቻህን ስትሆን ፍጥነትህ ትንሽ ቢጨምር ማንም አያውቅም፣ ሁለት ሆነህ ግን አንደኛው ግማሽ ምት ቢቀድም ቤቱ ይፈርሳል። ቦታም መተው አለብህ፣ አንዱ ላይ ሲያወራ ሌላው ታች መስራት፣ ከዛ ምንም ሳይነጋገሩ መቀያየር። ሁከ ይሄን የመስጠትና የመቀበል ነገር ሲችል ትሰሙታላችሁ፣ እኔ ስራዎቹን ደርድሩ ብባል ይሄን ነው ከላይ የማስቀምጠው።

ከዛ 1974 መጣ። በሳር ማጨጃ ማሽን አደጋ ደረሰበት፣ እጁ ተጎዳ፣ ጣት አጣ። 35 ዓመቱ ነው። ያንን 960 ምት አስታውሱት።

ፒያኒስት ጣት ሲያጣ ምን እንደሚሆን ላስረዳ፣ ምክንያቱም ሰው ዝም ብሎ ዘጠኝ ጣት ይበቃል ብሎ ሊያስብ ይችላል። አንድ ፒያኒስት ዘፈን የሚያስታውሰው በጭንቅላቱ ብቻ አይደለም፣ በጡንቻው ነው፣ እያንዳንዱ ሩጫ ለእያንዳንዱ ጣት የተመደበ ነው፣ በሺህ የሚቆጠር ሰዓት ተደግሞ ሳያስቡት የሚሄድ ሆኗል። አንድ ጣት ሲጎድል የጎደለው አንድ ድምፅ አይደለም፣ ጠቅላላው ምደባ ነው የሚፈርሰው፣ የቀሩት ጣቶች የለመዱትን ረስተው ሌላ መማር አለባቸው፣ የእጅ ስፋት ይቀንሳል፣ ኦክታቭ መያዝ፣ ትሬሞሎ ማለትም ሁለት ድምፅ በፍጥነት እያፈራረቁ መምታት፣ ቅድም ያልኳት ከጥቁር ወደ ነጭ መንሸራተት፣ ሁሉም እንደገና ከዜሮ። ደግሞ የተቆረጠ ጣት ጫፉ ያማል፣ ቁልፍ ላይ መምታት ማለት የሚያመውን ቦታ ደጋግሞ መምታት ማለት ነው።

ሁከ ተመለሰ። አጨዋወቱን በቀረው እጅ ልክ እንደገና ሰራው፣ መድረክ ላይ ወጣ፣ በ1977 ከእንግሊዛዊው አለን ፕራይስ ጋር የዱዌት አልበም አወጣ፣ አለን ፕራይስ ማለት አኒማልስ የሚባለው ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች የነበረው ነው፣ በ1964 ዓለምን ያዳረሰው የነሱ ሂት ላይ ያለውን ኦርጋን የተጫወተው። እንደዛ ካለ ሰው ጋር ፒያኖ ለፒያኖ ተቀምጦ መቅዳት ለተጎዳ እጅ ቀላል ነገር አይደለም፣ ማንም እንዲያዝንለት አልጠየቀም፣ ተጫወተ በቃ።

በሙዚቃ ታሪክ ይሄ የሱ ብቻ አይደለም። ዣንጎ ራይንሃርት በ1928 የእሳት አደጋ የግራ እጁን ሁለት ጣቶች ካሰረበት በኋላ ነው የአውሮፓ ትልቁ የጃዝ ጊታሪስት የሆነው። ይበልጥ የሚነካኝ ግን የፒት ጆንሰን ነገር ነው፣ ያ የካርኔጊ ሆሉ ፒት ጆንሰን፣ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ላይ በአደጋ የጣቱን ክፍል አጣ፣ ቆይቶም ስትሮክ መትቶት ሰውነቱ ደከመ፣ ለዓመታት መጫወት አልቻለም፣ ግን በ1967 ጃንዋሪ ካርኔጊ ሆል መድረክ ላይ ደግፈው አውጥተውት የራሱን ዘፈን በቀኝ እጁ ብቻ ተጫወተ፣ ከሁለት ወር በኋላ አረፈ። ሁከ ሙሉ ህይወቱን የተከተለው ይሄንን ትምህርት ቤት ነው። ጌቶቹን በአጨዋወት ብቻ አይደለም የመሰላቸው ማለት ነው።

አንድ ከባድ ጥያቄ አለ፣ ሳላነሳው ማለፍ አልፈልግም። ይሄ ሙዚቃ የማነው? ፓይንቶፕ በ24 ዓመቱ ሞተ፣ ሉዊስ መኪና አጠበ፣ ከዛ ከሰላሳ ምናምን ዓመት በኋላ አንድ ነጭ የሆላንድ ልጅ በዚሁ ሙዚቃ ቶፕ 40 ውስጥ ይገባል። ይሄ ሚዛን ልክ አይደለም፣ ልክ ነው ብሎ የሚከራከር ሰው ቢኖር እኔ አልስማማም። ግን ጥፋቱን በአንድ ፒያኒስት ትከሻ ላይ መጫንም ልክ አይደለም፣ ጥፋቱ ሙዚቀኞቹን በሳንቲም ያስፈረመው የሪከርድ ንግድና በዘር የተከፋፈለው አገራቸው ነው። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነገር ነው፣ ሙዚቃውን የተዋሰው ሰው ሂት ካገኘ በኋላ ምን አደረገ? ጥሎት ሄደ ወይስ ቀረ? ሁከ ቀረ። ቡጊ ገንዘብ በማያመጣበት ዓመት ሁሉ፣ ዲስኮ መጣ፣ ፓንክ መጣ፣ ሲንተሳይዘር መጣ፣ እሱ በየትንንሹ ክለብና በየቲያትሩ ያንኑ ግራ እጅ ይዞ ይዞር ነበር። ሆላንድ ደግሞ ትንሽ አገር ናት፣ ከዳር እዳር በመኪና ጥቂት ሰዓት ነው፣ ሙዚቀኛ ማታ ተጫውቶ ቤቱ ገብቶ ያድራል፣ በዚህ ምክንያት አንድ ሰው ዓለም አቀፍ ስም ሳይኖረው ዕድሜ ልኩን በመጫወት መኖር ይችላል፣ የሁከ ሙያ የቆመው በዚህ ላይ ነው።

የሆላንድ ብሉዝ ሰዎች የሰሩት ሌላም መልካም ነገር አለ፣ የሙዚቃው ባለቤቶችን መጥራት። ኪዩቢ ኤንድ ብሊዛርድስ በ1967 ከቺካጎው ፒያኒስት ከኤዲ ቦይድ ጋር አልበም ሰርተዋል፣ ቦይድ ኋላ ላይ ሄልሲንኪ ኖሮ እዛው ሞተ። ሜምፊስ ስሊም ፓሪስ፣ ቻምፒየን ጃክ ዱፕሪ ከስዊዘርላንድ እስከ ጀርመን፣ ብዙ የጥቁር ብሉዝ ፒያኒስቶች አገራቸው ያልሰጣቸውን አክብሮት አውሮፓ ውስጥ አግኝተው ቀሩ። እና ይሄ ነገር ወደኛም ደርሷል። ዘ ኤክስ የሚባለው የሆላንድ ባንድ፣ ከአምስተርዳምና ከቮርመር የተነሳ፣ ቮርመር ሁከ ካረፈባት ከክሮሜኒ ጥቂት ኪሎሜትር ነው ያለው፣ ሁለቱም ዛን በሚባለው ወንዝ አካባቢ ናቸው፣ ያ ባንድ ጌታቸው መኩሪያን አምስተርዳም ድረስ ጋበዘ፣ ሞአ አንበሳ የሚለውን አልበም በ2006 አብረው አወጡ፣ በብዙ አገር መድረክም አብረው ዞሩ። ጌታቸው ፊት ቆሞ እነሱ ከኋላ አጅበው። ቅድም የጠየቅኩትን ጥያቄ እንደዚህ በመስራት የሚመልስ ሙዚቀኛ ሳይ ክብሬን እሰጠዋለሁ።

ከሁከ በኋላ ያለው የሆላንድ ቡጊ አልሞተም። ያፕ ዴከር ነበረ፣ በ1970ዎቹ ቡጊን ወደ ብዙ ቤት ያስገባ፣ ኤሪክ-ያን ኦቨርቤክ አለ፣ ማርታይን ስሆክ አለ። የሁከ ልጅ ሩበን ሁከ ደግሞ ፒያኖ ሳይሆን ጊታር ነው ያነሳው፣ የራሱ ባንድ ያለው የታወቀ የብሉዝ ሮክ ጊታሪስት ነው። ጀርመን ውስጥ አክሰል ስቪንገንበርገር የሚባለው የሀምቡርግ ሰው አለ፣ ከስቶንሱ ድራመር ከቻርሊ ዋትስ ጋር ሳይቀር የቡጊ ባንድ አቋቁሞ ተጫውቷል። ዛሬ ቡጊ-ዉጊ ከተወለደበት አገር ይልቅ በጀርመን፣ በሆላንድ፣ በስዊዘርላንድ፣ በኦስትሪያ ነው ብዙ ወጣት የሚያጠናው፣ ይሄ ደስም ይላል ያሳዝናልም።

ከመጨረሴ በፊት፣ ከእናንተ ውስጥ ፒያኖ ወይ ኪቦርድ የምትነኩ ስላላችሁ፣ ከየት ልጀምር ለሚለው። ስትሰሙ በዚ ቅደም ተከተል ስሙ፣ መጀመሪያ የጃንዋሪ 1939ኙን የአመንስና የሉዊስን ቀረጻ፣ ቀጥሎ የአመንስና የጆንሰንን የ1941 ዱዌቶች፣ ከዛ የሁከና የፋን ደር ኻኽን የ1971 አልበም፣ ከዛ ከአለን ፕራይስ ጋር ያለውን፣ ሂቶቹን መጨረሻ ላይ። እንደዛ ከሰማችሁ ሁከ ምን እንደወሰደና ከራሱ ምን እንደጨመረ ጆሯችሁ ራሱ ይለየዋል። ስትለማመዱ ደግሞ ቀኝ እጃችሁን ጭናችሁ ላይ አድርጉት። ሲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ፣ ቢ ፍላት፣ ኤ፣ ጂ፣ ኢ፣ ይቺን ስምንት ድምፅ በግራ እጅ ብቻ፣ በደቂቃ 70 ወይ 80 ቢት፣ ሜትሮኖም ማለትም ቢት የሚቆጥረውን መሳሪያ ከፍታችሁ። ትከሻችሁ ከተነሳ አቁሙና አራግፉት። 12ቱን ሜዠር ሳትሳሳቱ አስር ዙር መሄድ እስክትችሉ ቀኝ እጅን አትጨምሩ፣ ስትጨምሩም አንድ ድምፅ ብቻ ጨምሩ፣ ግራው ከተደናገጠ ቀኙን መልሳችሁ አውርዱት። ጥያቄ ያላችሁ አሁን መጠየቅ ትችላላችሁ፣ ኪቦርዱም እዚሁ ስለሆነ መጥታችሁ መሞከር የምትፈልጉ ኑ።